የቀረ ሰውም ስንቅ ይበላል

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለበኩር ልጄ፣

እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ከሚያጉረመርመው ጉልበቴ በቀር። እህትህም አለች። «አለች» ያልኩት አስቤ ነው። ከዚያ በላይ ብጽፍ ውሸት፣ ከዚያ በታች ብጽፍ ሟርት ይሆንብኛል።

በእጄ የምጽፍልህ ስልክ ላይ ስለምትቸኩል ነው። ወረቀት አይቋረጥም፤ «ኔትወርክ የለም» አይልም። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ኢንተርኔት ላይ ያወጣኸው ጽሑፍህ ደርሶኛል። መነጽር ሠሪዋ ጓደኛችሁ ከሱቋ አትማ አመጣችልኝ፤ ዐይኔን ስለምታውቀው ፊደሉን አተልቃዋለች። «ሲስተር፣ ልጅዎ ጸሐፊ ሆኖልዎታል» ብላ ሰጠችኝና ዐይኗን ሰበር አደረገች። ቀድማ አንብባዋለች ማለት ነው።

እኔ እንደገባኝ ልድገመው፤ ካጠፋሁ አርመኝ። ጨዋታው ያው ጨዋታ ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ አጫዋች ሆኖ የሌለ አገር ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የፈጠሩትን ሰው ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ መሆን አለመሆኑን የሚወረወረው ባለቁጥር ዳይስ ይቆርጠዋል። ልዩነቱ ሕጉ ላይ ነው። በአንዱ ወገን ሕጉ በአንድ ገጽ ያልቃል፤ የቀረውን ተራኪው በአፉ ይሞላዋል። በሌላው ወገን መጽሐፉ ጡብ ያህላል፤ ቁስሉ፣ ትኩሳቱ፣ ረሃቡ፣ የገመዱ ማርጀት ሳይቀር በሠንጠረዥ ሰፍሯል፤ የሞተም ሞተ ነው። አንተ የፊተኛውን መረጥክ። ምርጫህ ነው፤ ማንም አይከለክልህም። የኋለኛውን ግን «መከራ ያልቀመሱ ሰዎች መከራን የሚለማመዱበት» አልከው።

ልጄ፣ በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ያልቀመሰው ማን ነው?

ይህንንም ባለፍኩት ነበር። በሦስተኛው ገጽ ላይ «አንዲት የታመመች ዘመዴ በእኔ ጨዋታ ሕመሟን ረስታ ትስቅ ነበር፤ ጥሩ ታሪክ ከመድኃኒት በላይ ያድናል» ብለሃል። ዘመዴ! በአንድ ማሕፀን ያደራችሁ፣ በአንድ አልጋ ያደጋችሁ፣ ዛሬ ዘመድ ሆነችብህ?

እሷም አንብባዋለች። የኩላሊት እጥበት ላይ ነበረች፤ ግራ ክንዷ መርፌው ስላለበት በቀኝ እጇ ስልኳን ይዛ እስከ መጨረሻው ወረደች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የማሽኑን ድምፅ የማዳምጥ መስዬ ፊቷን አያለሁ። ስትጨርስ ስልኩን በግንባሩ ብርድ ልብሱ ላይ ደፋችው።

«ጥሩ ይጽፋል» አለች። «ድሮም ምላሱ ማር ነው። ነጠላ ሰረዝ ግን ዛሬም አያውቅበትም።»

ከዚያ የተኛች መሰለች። እንዳልተኛች አውቃለሁ።

አንተን ለመውቀስ ብቻ ብዕር አላነሳሁም፤ እውነቱን በሚዛኑ ልናገር። ያቺ አንድ ገጽህ ጥሩ ነበረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትህ የጻፍካት ዛሬም ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፋለች። «አራትና ከዚያ በላይ ከወጣ፦ ይሆናል። ከአራት በታች ከወጣ፦ ይሆናል፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ባለቤቱ ካልፈቀደ ማንም አይሞትም።» አንተ ስትተርክ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ማሰሮ አሳርሬያለሁ። እህትህ ያኔ ነፋስ ላይ የምትጋልብ መልእክተኛ ነበረች። የሒሳብ መምህሩ ጓደኛህ ደግሞ ሁልጊዜ የሚዋሽ ንጉሥ፤ በሳቅ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬም እጥበት ክፍል ውስጥ እህትህ ከጎረቤቶቿ ጋር የምትጫወተው ያንኑ ነው። አራት ሰዓት በአንድ እጅ ብቻ ተኝተህ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አይገለጥም። ወዲያኛው አልጋ ላይ ያለው ጡረተኛ ፖስተኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት መንግሥት ድል አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። ለዚህ ጨዋታህ ይመሰገናል። እሷ ግን በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨምራበታለች፦ «አንድ ከወጣ፦ አይሆንም።» ለምን እንደጨመረችው ስጠይቃት፣ «አይሆንም መባል የሚፈልጉ ሕመምተኞች አሉ እማዬ፤ ሁሉም ሰው አዎ ሲላቸው ያስፈራቸዋል» አለችኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

የእኔ ደም ግፊትና ስኳር ኩላሊቴን እንዳልሰጣት ሲከለክሉኝ፣ አባታችሁም ወደ አፈር ከተመለሰ ቆይቶ፣ ያንተ ምርመራ ገጠመ። ሐኪሙ «እንደ መንታ ነው የሚመሳሰሉት» ሲል እህትህ እጅህን ሳመች። አንተም ስመሃታል፤ ይህን አልክድህም። የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠ። ሦስት ሳምንት ሲቀረው «ለሦስት ወር ብቻ የሚሆን ትምህርት አገኘሁ፤ ቀኑን እናዛውረው» አልክ። ይኸው ሁለት ዓመት ከአራት ወር። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ እምቢ አላልክም። «አዎ እማዬ፣ እመጣለሁ፤ ግን ፈተና አለ።» «አዎ፣ ግን የመኖሪያ ወረቀቴ።» «አዎ፣ ግን ብርዱ ይለፍ።» ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ጡቡን መጽሐፍ ያመጣው መምህሩ መሆኑን ታስታውሳለህ። ልትሄድ አንድ ሳምንት ሲቀርህ ነው የጀመራችሁት፤ አንተም አፍንጫው እንደ ሽንኩርት ያበጠ፣ ዋሽንት የሚነፋ ዘፋኝ ፈጠርክ። «ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ እገባለሁ» አልክ። ስልኩን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፈን ሁለት ቅዳሜ ተጫወትክ። ሁለት ብቻ! በሁለት ቅዳሜ ነው በዚያ መጽሐፍ ላይ የፈረድከው።

እኔ እንዴት እንደገባሁበት ደግሞ አታውቅም። ሾርባ ሳማስል መምህሩ ሲያነብ ሰማሁት፦ «ቁስሉ ካልታጠበ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመግላል።» ማማሰያዬን እንደያዝኩ ወጣሁ።

«በአንድ ሰዓት የሚመግል ቁስል የት አገር ነው ያለው?»

«መጽሐፉ ነው የሚለው፣ ሲስተር» አለ መምህሩ።

«እንግዲያው የጻፈው ሰው ቁስል አይቶ አያውቅም።»

እህትህ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። «እማዬ፣ ቁጭ በይና አርሚው» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀዶ ጥገና ክፍል የቆመች ነርስ በእርሳስ የቁስሉን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች አረመችው፦ ትኩሳቱ በስንተኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ሽታው መቼ እንደሚለወጥ፣ መቼ እንደሚቆረጥ። ጸሐፊው የተሰበረ ጭን በስድስት ቀን ያስኬዳል፤ ይቅር ይበለው! ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ እኔም አንድ ሰው አለኝ፤ ወጌሻ ነኝ። እህትህ መንገድ መሪ፣ መነጽር ሠሪዋ ቀስተኛ፣ አጫዋቹ መምህሩ።

መጀመሪያ ጠልቼው ነበር። ልጄ በሥራ ቀን ደሟን እየታጠበች፣ ቅዳሜ ደግሞ ለትኩሳት ዳይስ ስትጥል ማየት ምን ደስ ይላል? መነጽር ሠሪዋም ከእኔ ጋር ነበረች። አንድ ቀን ተከራከሩ።

«ምናለ ወደ ቀድሞው ብንመለስ?» አለች። «ሰው ሲደክመው ትንሽ ይብረር እንጂ።»

«ቀላሉ ጨዋታ ተራኪውን ያምናል» አላት መምህሩ። «ተራኪው ጥሩ ከሆነ ገነት ነው። ይኸኛው ማንንም አያምንም።»

እህትህ እርሳሷን እየቀረጸች፣ «እኔን የሚመቸኝ ይኼ ነው» አለች። «ዳቦ አልቋል ካለ አልቋል። ሲነጋ ‹ግን› አይለኝም።»

መነጽር ሠሪዋ ዳይሱን አንሥታ ወረወረች።

እነሆ የዘፋኝህ ነገር። አንተ መቅረት ስትጀምር መምህሩ ሕጉን ገልጦ አነበበ፦ «ተጫዋቹ በቀረበት ቀንም ሰውየው ከጓዙ ጋር ይጓዛል። ስንቅ ይበላል፤ ይቆስላል፤ ይታመማል። አይዋጋም።»

«እናስወጣው?» አለ መምህሩ።

«ይብላ» አለች እህትህ። «ሲመጣ ከየት ይጀምራል?»

በየቅዳሜው ዘፋኝህን ይዘንልህ ሄድን። ከረግረጉ አወጣንህ። መነጽር ሠሪዋ በአንተ ምክንያት ሦስት ፍላጻ ጨረሰች። ጨለማው ዋሻ ውስጥ ግን፣ አንተ ሁልጊዜ የምትሄደው ከኋላ ስለሆነ፣ አውሬው እግርህን ነከሰው። ሐኪምህ ማን ይሁን? እናትህ። አራት ቅዳሜ ሙሉ ያንን የወረቀት እግርህን አጠብኩት፤ አራት ቅዳሜ ዳይሱ ጀርባውን ሰጠኝ። አትሳቅ። ስታመም አይተኸኝ ታውቃለህ፤ በእነዚያ ቅዳሜዎች ግን ከዚያ በላይ ነው የደከመኝ።

ጽሑፍህ የመጣው ሐሙስ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታ ሳለ፣ በጨዋታው በረዶ ያለበት መተላለፊያ አፍ ደረስን። የድንጋይ ሰዎች የሚባሉ፣ ዝግ ብለው የሚራመዱ ግን የማይቆሙ ግዙፎች ከኋላ ይከተሉናል። ዘጠኝ ዳቦ ቀርቶናል፤ መንገዱ ስድስት ቀን ነው። በቅሎዋ ወይ ድንኳኑን ትሸከማለች፣ ወይ ዘፋኙን።

መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲስተር፣ የመጨረሻ ዕድል ነው» አለ። «አሥራ አራትና ከዚያ በላይ ከወጣልዎት እግሩ ይድናል፤ በራሱ ይራመዳል። ካልሆነ…»

ባለ ሃያ ፊቱን ዳይስ ወረወርኩት፤ ከውጭ ከላክኸው የዳይስ ሣጥን ውስጥ ያለውን አረንጓዴውን። ተንከባሎ ከስኳር ጣሳው ጀርባ ቆመ፤ ከእኔና ከእህትህ በቀር የሚያየው የለም። ሦስት።

መነጽሬን የማስተካክል መስዬ በጣቴ ገለበጥኩት።

«አሥራ ሰባት» አልኩ።

መነጽር ሠሪዋ አጨበጨበች። መምህሩ በረጅሙ ተነፈሰ። እህትህ ግን አላየችኝም፤ ዐይኗ ዳይሱ ላይ ነው።

«እማዬ፣ መልሺው።»

«ምኑን?»

«ሦስት ነበር።»

«ጨዋታ ነው እኮ፣ ሚጢ።»

«ታዲያ በጨዋታ እንኳ እውነቱን እንያ።»

ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በቆምኩበት ክፍል ፋሻው አንድ በአንድ ሳይቆጠር የማንም ሆድ ተዘግቶ አያውቅም። የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። በዚያው እጄ ነው ልጄን ያታለልኩት፤ በሁለት ጓደኞቿ ፊት። መለስኩት። ሦስት።

እህትህ የዘፋኝህን ወረቀት ከመምህሩ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው፤ የታጠፈ ጫፉን በጥፍሯ አቀናችው።

«መተላለፊያው ሥር የከሰል አክሳዮች ጎጆ አለ ብለኸን ነበር» አለችው መምህሩን። «እዚያ እንተወዋለን። ሁለት ዳቦ፣ ብርድ ልብስ፣ ዋሽንቱን። አልሞተም፤ አልተባረረም። በረዶው ሲቀልጥ ቁልቁል ወርዶ የራሱን ኑሮ ይኑር። እኛ እንሄዳለን።»

«ተከትሎን ቢመጣስ?» አለች መነጽር ሠሪዋ።

«መንገዱን ያውቀዋል። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ድርሻ አልቆርጥለትም።»

አላለቀሰችም። እኔ ሾርባውን ልይ ብዬ ተነሣሁ፤ በምድጃው ላይ ምንም አልነበረም። መተላለፊያውን በስድስት ቀን አለፍነው። ቀስተኛዋ በውርጭ ሁለት ጣት አጣች፤ የእህትህ መንገድ መሪ ግን በእግሯ ወጣች፤ ወዲያ ማዶ ያለውን ሜዳ ስታይ ምን እንደሚሸት መምህሩን ሦስት ጊዜ አስደገመችው።

ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ወደ እጥበት ሄድን። በየስድስት ወሩ መዝገቡን የሚያድሱት ነርስ መጡና እንደ ወትሮው፣ «ወንድምሽ በለጋሽነት እንደተመዘገበ ነው፤ ይቀጥል?» አሏት። እስከዛሬ «ይቀጥል» ትል ነበር። እዚህ ሆስፒታል በሕይወት ያለ ለጋሽ የተመዘገበለት ሰው ሌላኛው ወረፋ ውስጥ አይገባም፤ ከሟች የሚገኘውን ኩላሊት የሚጠብቁት ሌሎች ናቸው። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ያንተ ስም ቦታዋን ይዞባት፣ ከእሷ በኋላ የታመሙ ሰዎች ቀድመዋት ድነው ሲወጡ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ስትል ኖራለች። ያን ቀን «ይሰረዝ» አለች። ቅጹን በቀኝ እጇ ሞላችው፤ ጽሕፈቷ ትንሽ ጠመመ፤ ፈረመችበት። የቤተሰብ ፊርማ የምጨምርበትና መዝገብ ቤት የማስገባው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ለመምጣት አትቸገር። ደስ ይበልህ። ማንም አይጠብቅህም፤ ማንም አይደውልልህም። ከራስ በላይ ነፋስ።

ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ሻይ ፈላ፣ ቀዘቀዘ። ልጨምር።

ሐኪሙ በእስክሪብቶ ጎንህ ላይ ቢላው የሚያልፍበትን መስመር ያሰመረልህ ቀን ፊትህን አይቼዋለሁ። ወረቀት መስሎ ነበር። ኮሪደሩ ላይ «ፈራህ?» ስልህ፣ «አይ፣ እማዬ» አልከኝ። ለሚፈራ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ለስንት የሰው ልጅ ብዬዋለሁ፣ እጃቸውን ይዤ። ላንተ ግን አልነገርኩህም። ሁለት ልጆቼን በሁለት አልጋ ተኝተው ማየት አቃተኝ። አንዱ እንኳ ሳይነካ ይቅርልኝ ያልኩበት ቀን አለ፤ ለማንም ያልተናገርኩት። «ሦስት ወር ነው፣ በእነዚህ ወራት ደግሞ እዚያ ሙቀት ነው» ስትለኝ ሻንጣህን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከሥሩ የአባትህን ወፍራም ካፖርት አጥፌ አስገባሁበት። አንተም ሻንጣው ሲከብድህ «ምን ጨመርሽበት?» ብለህ አልጠየቅከኝም።

ስለዚህ ጉዳይ ሁለታችን ተነጋግረን አናውቅም። አሁንም አንነጋገር።

እህትህ ሰላም በዪልኝ አላለችኝም፤ ውሸት አልጽፍም። መምህሩና መነጽር ሠሪዋ ሰላም ብለውሃል። ብርዱ እዚያ ይበረታል ይባላል፤ ደረትህን ሸፍን። ያንን አንገትህን ካልጠመጠምክ ጉንፋን እንደሚወድህ ታውቃለህ።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ የሰው ፊት አያሳይህ፤ ከነሙሉ አካልህ ያኑርህ።

እናትህ

ሳልነግርህ እንዳልቀር፦ ቅጹ ላይ አልፈረምኩም። ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከመድኃኒቴ ጋር ነው። እህትህ ያስገባሁት ይመስላታል። የፊታችን ሰኞ አስገባዋለሁ። ባለፈው ሰኞም፣ ከዚያ በፊት ባለውም እንዲሁ ብዬ ነበር።